አባቴን ከፍል ውሃ ያመጣሁ ጊዜ

ብስክሌቷ የኔ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ዛሬም ድረስ ደብረ ታቦር ውስጥ «ያ ጣሊያን ብስክሌት የሸለመው» እያለ የሚያማኝ ሽማግሌ አይጠፋም። ማንም ምንም አልሸለመኝም። ከከተማው ዳር በነበረው የጣሊያኖች መኪና መጠገኛ ጎማ እለጥፍ ነበር፤ ብስክሌቷም የመጠገኛው ነበረች። እኔ የተቀመጥኩባት አባቴን ከወንዛዬ ፍል ውሃ ይዤ እንድመጣ ስለታዘዝኩ ነው።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «መምሬ» ይላቸዋል፤ እኔ «አባባ»። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ እሳቸውም ሌላ ሴት ሳያዩ ቅዳሴያቸውን ይዘው ቀሩ። ሕጉ እንዲያ ነው። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሁለተኛ ማግባት አይችልም፤ ካገባ ቅስናው ይፈርሳል። ከዚያ ወዲያ መቅደስ አይገባም፣ መስቀል አያሳልምም፣ እንደ ማንኛውም ሰው ውጭ ይቆማል። አባቴ ደግሞ ከቅዳሴ ሌላ የሚሆንላቸው ነገር አልነበረም። እርሻ ላይ ሰነፍ ናቸው፤ ገበያ ቢወጡ የሚያታልላቸው ብዙ ነው። ድምፃቸው ግን! ሲቀድሱ ከቅጥሩ ውጭ የሚያልፍ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ይሰማቸው ነበር።

ጣሊያን ሲገባ ጣጣው የመጣው በዚሁ በቅዳሴ ነው። በቅዳሴው ውስጥ ስለ ንጉሥ የሚጸለይበት፣ ስሙም የሚጠራበት ቦታ አለ። የከተማው አዛዥ የነበረው ሻምበል እዚያ ቦታ ላይ የሮማው ንጉሥ ስም እንዲጠራ አዘዘ። ካህናቱ ጭንቅ ገባቸው። አንዳንዱ ጠራው፣ አንዳንዱ የጠራ አስመሰለ። አባቴ ግን እዚያ ቦታ ሲደርሱ ያስላቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን እውነት ጉንፋን መስሎኝ ተልባ ሁሉ አፍልቼላቸዋለሁ፣ ሞኙ እኔ! በኋላ ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ ሳሉ ከዚያች ቦታ በቀር የትም አይመጣም። ይህን ልብ ያለው እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ወሬው ሻምበሉ ጆሮ ገባ።

የደብራችን ታቦት የሚነግሥበት ቀን ሲቃረብ ትእዛዝ ወጣ። ሻምበሉ ራሱ መጥቶ ቅዳሴውን ይሰማል፤ ግዕዝ የሚያውቅ አስተርጓሚ ከጎኑ ይቆማል፤ የሚቀድሱትም አባቴ ይሆናሉ። አባቴ ይህን በሰሙ ማግስት «ቁርጥማቱ ጉልበቴን ጨረሰው» ብለው በሰው በቅሎ ወደ ወንዛዬ ወረዱ።

ሻምበሉ አስጠራኝ። ጢሙን የተላጨ፣ ንጹሕ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነው የምፈራው። በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለኝ፦ «መቀደስ የማይችል ሰው አንጠይቅም። እየቻለ እምቢ የሚል ግን ሽፍታ ነው። ብስክሌት ውሰድና የንግሡ ቀን ሳይደርስ አምጣው። ካልመጣ ወይም አንተም እዚያው ከቀረህ፣ ስለሱ የምጠይቃቸው ሌሎቹን ካህናት ነው።»

ሽፍታ የተባለ ሰው ምን እንደሚደረግ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ገበያው ዳር ያለው ዛፍ ላይ አይቼዋለሁ።

ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ መንገዱ ቁልቁል ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይል ነበር። ብስክሌት አይቶ በማያውቅ አገር ብስክሌት ይዞ መውረድ ግን መከራ ነው፤ ከብቱ ይደነብራል፣ ሰዉ ያማትባል፣ ውሻው ሁሉ ይከተላል። ዓለም በር አጠገብ አንዲት ባልቴት «በስመ አብ! ቁጭ ብሎ ይሮጣል!» ብላ ድንጋይ ወረወረችብኝ። እግዜር ይይላት፣ አልሳተችኝም። ፎገራ ሜዳ ላይ እሾህ ጎማዬን በሳው፤ እንባዬ እየመጣ ለጠፍኩት። ለጎማው አልነበረም የማለቅሰው። አባቴን አምጥቼ ምን ላደርጋቸው ነው? ይዤ ብመጣ ለገዳይ ላስረክባቸው፣ ባልመጣ ሌሎቹን ላስፈጅ። ጉማራ ድልድይ ላይ የቆሙት ባንዳዎች ወረቀቴን አይተው፣ ብስክሌቷን ተራ በተራ አንድ አንድ ዙር ካልነዳን ብለው አንዱ ወድቆ ክርኑን ተላጠ። በሌላ ጊዜ ይህን አይቼ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ብስክሌቷ የጠቀመችኝ እስከ ሐሙሲት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። ሐሙሲት አባቴን የሚያውቁ አንድ ሙስሊም የሸማ ነጋዴ ነበሩ። ብስክሌቷን ከሱቃቸው ጓዳ አስገቡልኝ።

«አባትህ ባለፈው በዚህ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ» አሉኝ። «ከበቅሎ ወርደው ቀልጠፍ ቀልጠፍ እያሉ ነበር። አላህ ቁርጥማታቸውን ይማርላቸው።» ፈገግ ብለው አዩኝና፣ ፊቴን ሲያዩ ፈገግታቸውን ተዉት። ውሃ አጠጥተው ሸኙኝ።

በታጨደ የጤፍ ማሳ መካከል፣ ጭዱ በየአውድማው እንደተከመረ፣ በቀጭን መንገድ ሄድኩ። አንድ ገበሬ «ወንዛዬ ደርሰሃል፣ ያች ቁልቁለት ናት» ሲለኝ፣ ባልደርስ ምን አለበት አልኩ።

ፍል ውሃው ከድንጋይ ሥር ይፈልቃል፤ እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። ዙሪያውን በሽተኛ የሚያርፍባቸው የቅጠል ዳሶች ነበሩ። ወንድና ሴት በየተራ ይገባሉ። ከውሃው የወጣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ላቡን ይጨርሳል፤ ነፋስ አይነካውም፣ ቀዝቃዛ ውሃ አይቀምስም። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከጎጃም የመጣውም ከበለሳ የመጣውም እዚያ ሲደርስ አንድ ዓይነት ሰው ይሆናል፤ ሁሉም እርቃኑን ነው፣ ሁሉም «እፎይ» ነው የሚለው።

አባቴ እስከ አንገታቸው ተነክረው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ አልደነገጡም።

«ማን ላከህ?»

«ሻምበሉ።»

«በምን መጣህ?»

«በብስክሌት፣ ከሐሙሲት ወዲህ በእግሬ።»

«በላህ?» አሉኝ።

አባቴ እንዲህ ናቸው። ሰማይ ቢደፋ «በላህ?» ነው የሚሉት። ያን ቀን ይህ አናደደኝ፤ ሆዴንም አባባው።

ከውሃው ወጥተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳሳቸው ሥር ተቀመጡ። አጠገባቸው ባለው ዳስ አንዲት ሴት ነበረች፤ የፎገራ ሰው፣ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ ለጉልበቷ ሕመም የመጣች። አባቴ ምግብ መሥራት ስለማይችሉ ለእሳቸውም ገንፎ ታገነፋላቸው ነበር። ለእኔም አቀረበችልኝና ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሻምበሉ ያለውን ሁሉ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«እስቲ መጀመሪያ ያለውን ድገምልኝ» አሉኝ።

«መቀደስ የማይችል ሰው አንጠይቅም፤ እየቻለ እምቢ የሚል ግን ሽፍታ ነው።»

«መቀደስ የማይችል ሰው አንጠይቅም ነው ያለው?»

«አዎ።»

እኔ በመንገድ ሳብሰለስል የመጣሁትን ሁሉ አፈሰስኩት። «ጣራ ገዳም ይግቡና ይመንኩሱ፣ አባባ።» መነኩሴም ይቀድሳል፣ ከገዳም አውጥተው ያመጡኛል አሉ። «ዱር ይግቡ።» ካህናቱንስ ማን ያስጥላቸዋል? አሉ። በመጨረሻ ልናገረው የማልፈልገውን ተናገርኩ፦ «እንግዲያው ይበሉትና ይገላገሉ። አንድ ስም ነው። እግዜር ልብዎን ያውቃል።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። «አንተ ልብ ትላለህ» አሉኝ፤ «በዚህ አፍ ነው ሥጋውን ደሙን የማቀብለው። አገሬን ያቃጠለውን ሰው በዚያ ቦታ ቆሜ ንጉሤ ነው ብዬ ለእግዚአብሔር ልዋሸው? አልችልም ልጄ። ሰነፍ ነኝ፣ ፈሪም ነኝ፣ ይሄን ግን አልችልም።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። አባቴ ሲያለቅሱ ሳይ ከእናቴ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት «ሽማግሌ ፈልግልኝ» አሉኝ።

«ምን ያደርጉልዎታል?»

«ላገባ ነው።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «አባባ፣ ፍል ውሃው ጭንቅላትዎን ነካዎት እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እሳቸው ላይ ጮኬ አላውቅም ነበር። «ሰው ሊሰቅሉ ገመድ አዘጋጅተው እርስዎ ሙሽራ ሊሆኑ ነው?»

«የማይችል ሰው አንጠይቅም ብሏል» አሉኝ ረጋ ብለው። «እኔም የማልችል እሆናለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም እንዳልገባው ሰው ቆምኩ። በሽታ ቢሉ ሐኪም ያያቸዋል፣ መሸሽ ቢሉ ሌላው ይሞትባቸዋል። ቅስናው የፈረሰ ሰው ግን የሮማው ንጉሥ ራሱ ቢመጣ ሊያስቀድሰው አይችልም። በዚህ ምክንያት ማንም አይገደልም፤ ቅጣቱ ሁሉ የሚያርፈው በእሳቸው ላይ ብቻ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የኖሩበትን አንድ ነገር ሊያቃጥሉት ነው። እግራቸው ሥር ወድቄ እንዳያደርጉት ለመንኳቸው፤ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ስሙን ይጥሩት እያልኩ ስለምን የነበርኩት እኔ!

ሴትዮዋን ራሳቸው ጠየቋት። እኔ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ፤ ድምፃቸውን ግን እሰማ ነበር።

«ኧረ መምሬ፣ ይተዉኝ!» አለች። «በእኔ ምክንያት መቅደስ ሊዘጋብዎት? ምን ብዬ ነው እግዜር ፊት የምቀርበው?»

«ኃጢአቱ የኔ ነው። አንቺ ላይ አይደርስም።»

ከዚያ እንዲህ አለች፦ «የይስሙላ ከሆነ አልፈልግም። ማልሁ ማለት ሚስት ነኝ። ነገ ዘመኑ ቢለወጥ ሂጂልኝ እንዳይሉኝ። እኔም አንድ ጊዜ ባል ቀብሬያለሁ፣ መጫወቻ አይደለሁም።»

«አልልሽም» አሉ አባቴ።

ሽማግሌ አጣሁ አልልም፤ ፍል ውሃ ዳር ሽማግሌ ሞልቷል። አንድ የበለሳ ገበሬ፣ አንድ የጎጃም ሸማኔ፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ የድሮ ወታደር ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ተቀመጡ። ሲሰሙ ያፈሩልን መሰለኝ፤ የቄስ ሰርግ ቆመው ሊያዩ! ገበሬው እንዲያውም ሊነሳ ነበር። ወታደሩ ግን አባቴን ትክ ብሎ አየና «ቁጭ በል» አለው። የገባው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

በሰማንያ ሲጋቡ መሐላው በንጉሥ ስም ነው። ወንዱ የንጉሡን ስም ይጠራል፣ «ይሙት፣ ሚስቴ ናት» ይላል፤ ሴቲቱም እንዲሁ። ወታደሩ ያስምላል፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ግራ ቀኙን አየ። ያ ስም ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ጮክ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም፤ በሹክሹክታ እንኳ የተጠራበት ቤት ተቃጥሏል። ውሃው ውስጥ ያሉት፣ ዳሱ ሥር ያሉት፣ ወሬኛ ይኑርበት አይኑርበት ማን ያውቃል?

«እኔ እለዋለሁ» አሉ አባቴ።

ተነሥተው ቆሙ። ባሕር ማዶ ያለውን የንጉሣችንን ስም በሙሉ ማዕረጉ፣ በዚያ በሚቀድሱበት ድምፃቸው፣ እያንዳንዷን ፊደል ሳይውጡ ጠሩት። ሳል የለም፣ መንተባተብ የለም። አንድ ሌላ ሽማግሌ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ አንገቱን ደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። «ይሙት፣ ሚስቴ ናት» ብለው አባቴ ተቀመጡ። እሷም ተከተለች። ወታደሩ መረቀን። ከዚያ አባቴ ጥምጥማቸውን ፈተው አጥፈው ለእኔ ሰጡኝ።

ስንመለስ እሷ ከገበያተኛ ጋር በአህያ ቀስ ብላ እንድትመጣ አደረግን፤ እኔና አባቴ ከሐሙሲት ወዲህ በብስክሌቷ ተጓዝን። ከኋላዬ ተቀምጠው ወገቤን ይዘውኛል። በየመንደሩ ሰው «መምሬ!» ብሎ መስቀል ሊሳለም ይጠጋል። አባቴ በየቦታው «ወርደህ አቁምልኝ» ይሉኛል፤ ወርደው «ቄስ አይደለሁም፣ ይቅር በሉኝ» ይላሉ። ነድቼ ላሳልፋቸው ብልም እምቢ አሉ። ከማንም ተደብቀው ማለፍ አልፈለጉም። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ወርደን ብስክሌቷን እየገፋን ወጣን።

ሻምበሉ ጉዳዩን አስተርጓሚው ሲነግረው መጀመሪያ አላመነም። ካህናቱን ጠርቶ ጠየቀ፤ ሁሉም «አዎ፣ ፈርሷል፣ ከእንግዲህ መቀደስ አይችልም» አሉት። ያን ጊዜ በሳቅ ፈረሰ። ጣሊያንኛውን ባልሰማም ምን እንዳለ ከአስተርጓሚው ፊት ገባኝ። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ቆመው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ሲያልቅ ወደ ቤት ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቃቸውም።

የታቦቱ ንግሥ ዕለት የቀደሰው የአባቴ ተማሪ የነበረ ወጣት ቄስ ነው። የሮማውን ንጉሥ ስም ጠራ። አባቴ ከግቢው አጥር ሥር ከምእመኑ ጋር ቆመው ሰሙት። እኔ ጥርሴን ሳፋጭ አዩኝና «ልጆች አሉት» አሉኝ፤ ሌላ ነገር ስለሱ አልተናገሩም።

የከተማው ሰው አፍ ግን ከሻምበሉ ሳቅ የባሰ ነበር። «መምሬን ፍል ውሃ አሞቃቸው» አሉ። «በስተርጅና ሴት ታየቻቸው» አሉ። እሷን ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ ፊታቸውን ያዞሩባት ነበር። እኔ ስንቱን እንደተደባደብኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እውነቱን መናገር አይቻልም ነበር፤ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ ከታወቀ እምቢታ ነው፣ እምቢታ ደግሞ ገመድ ነው። አባቴ ለሚያሟቸው ሰላምታ እየሰጡ፣ በአርባ ቀን ክርስትና በቀብር ውጭ እየቆሙ ኖሩ። እሷን እኔ «እትዬ» እላት ጀመር። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አልሰማሁም፤ አባቴም ሚስቴ ናት ባሉት ቃል ጸኑ።

ከዚያ ጣሊያን ወጣ። ንጉሡ መመለሳቸው ተሰማ፤ ደወሉ ተደወለ፤ በዚያች እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያልወጣ ሰው አልነበረም። ወንዛዬ የነበረው ያ አንካሳ ወታደርም ከአርበኞቹ ጋር መጥቶ ነበርና የሆነውን ሁሉ ለካህናቱ ነገራቸው። ሲያሟቸው የነበሩት ሁሉ መሬት እያዩ ለአባቴ እጅ መንሣት ጀመሩ። ቅዳሴው ሳይገባ ያ ወጣት ቄስ ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሰ ወጥቶ አባቴ እግር ላይ ወደቀ።

«መምሬ፣ ዛሬ ይህን ስም መጥራት የሚገባዎት እርስዎ ነዎት። እኔ ያን ሌላውን የጠራሁበት አፍ ነው ያለኝ። ይግቡልኝ፤ አንድ ቀን ነው፣ ሰዉም ይፈቅዳል።»

ሰዉ ሁሉ «ይግቡ! ይግቡ!» አለ። እኔም እያለቀስኩ «አባባ፣ ይግቡ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ወጣቱን ብብቱን ይዘው አነሡት። «ሕግ ነው» አሉት። «ማግባቴን ማግባት ነው ብዬ ምዬ፣ ዛሬ አላገባሁም ልበል? ግባና ጥራው። ጮክ በል፤ እስከዚህ ድረስ ይሰማ።»

እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቅ ነበር። «በእኔ ነው» አለች፤ «በእኔ ምክንያት ነው ውጭ የቀሩት።» አባቴ ሰው በተሰበሰበበት እጇን ያዙ፤ በዚያ ዘመን ማንም እንዲህ አያደርግም። «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ዋሽቼ ነበር የምኖረው» አሏት።

ቅዳሴው ገባ። ስለ ንጉሥ የሚጸለይበት ቦታ ሲደርስ ወጣቱ ቄስ ስሙን ጠራ፤ ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ሰዉ ሁሉ ሲሰግድ አባቴም ሰገዱ። ሲነሡ ፊታቸው በእንባ ታጥቦ ነበር፤ አፋቸው ግን ተዘግቷል፣ በከንፈራቸው እንኳ አልተከተሉትም።

ወደ እትዬ ዘወር አሉ።

«ሰማሽ?» አሏት። «ጥሩ አድርጎ ጠራው።»